ስለ ማስታወሻ ጥቅሉና «የኔ ናቸው» ስላልኳቸው አምስት ፊርማዎች

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በስንብቱ ዕለት ማይክራፎን ጨብጠው ኮሚቴውን፣ ልብስ ሰፊውንና ፎቶ አንሺውን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያመሰግኑ የሻከረው ጉሮሮዎ ተሽሎት እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ስሰማዎት በእውነት አሳዝነውኝ ነበር። እኛ ደኅና ነን።

እኔ ከትምህርት ቤቱ ቁልቁል ሲወርዱ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለሁት ጎሚስታ ነኝ። ልጄ ዘንድሮ ከእርስዎ ዘንድ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች። በቤታችን «ጸሐፊ» እያልን ነው የምንጠራት፤ የውሃ ቢሮ ቅሬታ ቢሆን፣ የእናቷ የፈቃድ መጠየቂያ ቢሆን፣ የኔ የንግድ ፈቃድ ማደሻ ቢሆን አስተካክላ የምትሞላው እሷ ናት። እኔ ከሥር መፈረም ብቻ ነው። እጄ ግራሶ ሆኖ ሲያገኘኝ ደግሞ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ «አንቺው ፈርሚልኝ» እላት ነበር፤ ይህችን ጥፋት ከወዲሁ በራሴ ላይ ያስመዝግቡልኝ።

ይህን ደብዳቤ እስከ ዛሬ ያዘገየሁት ፈርቼ ነው። አሁን የልጄ ሰርተፊኬት ማኅተሙ ተመትቶበት ቁም ሳጥናችን ውስጥ ገብቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አልቀየምም፤ ልጄ እጅዎ ላይ እያለች ለመጮኽ የሚያስችል አንጀት አልነበረኝም። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛው ምስጋናዬ «በፈቃደኝነት» ለምትለው ቃልዎ ነው። ጋዋን፣ ቆብ፣ መጽሔት፣ በፍሬም የገባ ፎቶግራፍና የተማሪው ፊት የታተመበት ኩባያ ያለበትን የማስታወሻ ጥቅል መውሰድ ፍጹም የወላጅ ፈቃድ መሆኑን ደብዳቤዎ ከላይም ከታችም ይናገራል። «እስማማለሁ» ለሚል ወላጅ አንድ ምልክት ይበቃዋል። «አልስማማም» የሚል ግን ምክንያቱን ዘርዝሮ ይጽፍ ዘንድ ሦስት መስመር ተሰምሮለታል። ጥቅሉን ያልወሰደ ልጅ ጋዋን የለውም፤ ጋዋን የሌለው መድረክ አይወጣም፤ መድረክ ያልወጣ ስሙ አይጠራም። በግድ ክፈሉ ብትሉን ኖሮ ከእናንተ ጋር ተጣልተን ይወጣልን ነበር፤ በፈቃዳችሁ ስትሉን ግን የምንጣላው ከሚስቶቻችንና ከራሳችን ጋር ሆነ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ የአምና ነው። ትንሹ ልጄ እዚያው እርስዎ ዘንድ መዋዕለ ሕፃናት ሲጨርስ ይኸው ደብዳቤ ደርሶኝ በፈቃደኝነት ተስማምቼ ነበር። ፈቃደኛ ለመሆንም መኪና ከማነሣባቸው ሁለት ክሪኮቼ አንዱን ሸጥኩ። ኩባያው በታጠበ በመጀመሪያው ቀን የልጄ አፍንጫ ጠፋ፤ በሁለተኛው ሙሉ ፊቱ ሄደ፤ ቆቡ ብቻ ቀርቶ አሁንም ሻይ እንጠጣበታለን። ከዚያ ወዲህ ሁለት መኪና አንድ ላይ ሲመጣብኝ አንዱን አነሣለሁ፣ ሌላው ትንሽ ጠብቆ ይሄዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጸሐፊዋ ጎማ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ የሚሄዱትን መኪናዎች ታይ ኖሯል። ምንም ስላላለችኝ ምንም ያላየች መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ምስጋና ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በአካል አቅርቤዋለሁ፤ ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ። ዘንድሮ ግን ከእርስዎ አንድም ደብዳቤ አልደረሰኝም ነበር። ጎማ ሊያስነፋ የሚመጣው ወላጅ ሁሉ ስለ ጥቅሉ ሲያማርር፣ እኔ አፌን ሞልቼ «እኛን አልጠየቁንም፤ ሰው የሚያውቅ ርእሰ መምህር ነው» እል ነበር። ልጁ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል የምትማረው ባለታክሲ ጎረቤቴ «ወንድሜ፣ ረስተውህ እንዳይሆን» ቢለኝ ተቆጣሁት። ልጄ ሦስተኛ የወጣች ጎበዝ ናት፣ ቤታችንንም ያውቁታል፣ አይተው ማሩን አልኩ። እናም በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ቂልነቶች ሁሉ የሚበልጠውን ሠራሁ፤ እጄን በሳሙናና በአሸዋ ፈትጌ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ላመሰግንዎ መጣሁ።

ከወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከባለ ፋርማሲዋ እመቤት ጋር ተቀምጠው ነበር። እኔም ቆሜ፣ ስላልጠየቁን እግዜር ይስጥልን፣ ልጆችዎ ይባረኩ አልኩ። እርስዎ ያሾፍኩ መሰለዎት። ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። እርስዎ መሳቢያዎን ስበው ፋይል አወጡና ፊቴ ዘረጉት።

አምስት ወረቀት ነው። አምስቱም በልጄ እጅ ጽሕፈት ተሞልተው በኔ ስም ተፈርመዋል። ምክንያት በሚለው ቦታ በመጀመሪያው ላይ «ኩባያ አለን» ይላል። በሁለተኛው «ልጄን ረጅም ልብስ ያደናቅፋታል» ይላል። በሦስተኛው «የቤታችን ግድግዳ ስለሚረጥብ ፎቶ አይሰቀልበትም»፤ በአራተኛው «እኔ አባቷ ፎቶ አልወድም»። አምስተኛው ላይ ምክንያት አልቆባታል መሰለኝ ፊርማ ብቻ ነው። እዚያው እንደ ቆምኩ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ደብዳቤው በየሳምንቱ ሲላክ ኖሯል፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያቺን የቀረችኝን ክሪክ ልታተርፍልኝ እየተቀበለች፣ እየመለሰች፣ ለኛም ሳትተነፍስ ኖራለች።

እርስዎም እጅግ በጨዋ ቃል ፊርማው የኔ መሆን አለመሆኑን ጠየቁኝ፤ አስቀድመውም ደንቡን አስረዱኝ። የኔ ካልሆነ ልጅቱ የወላጅ ፊርማ አስመስላ ፈርማለችና ዲሲፕሊን ኮሚቴ ትቀርባለች፤ ሰርተፊኬቷ ይያዛል፤ ወደምትገባበት ትምህርት ቤትም ደብዳቤ ይከተላታል። የኔ ከሆነ ደግሞ አባት በእጁ አልፈልግም ብሏልና ጉዳዩ ተዘግቷል። አሁኑኑ ልክፈል ብዬ ለመንኩ። የጋዋኑ ቁጥር ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዷል፣ ቀኑ አልፏል አሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ተረቱ ሁሉ ጅብ ጅብ ስላለብኝም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«የኔ ነው፤» አልኩ። «አምስቱም የኔ ናቸው።»

ሴትዮዋ እፎይ አለች። እርስዎም ልጅነት አንዴ ካለፈ እንደማይመለስ፣ ትዝታ በገንዘብ እንደማይተመን፣ ለገዛ ልጁ የሚሰስት አባትም ኋላ እንደሚጸጸት በሰፊው መከሩኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ምክርዎን አመስግኜ ወጣሁ። ምን ላድርግ።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ዝም ብዬ ልቀጥል። ለልጄ ፋይሉን ማየቴን አልነገርኳትም። በስንብቱ ቀን ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ «ዛሬ ጽዳት ነው» አለችን። እናቷ አመነቻት። እኔም እንዳመነ ሰው ለመምሰል መጥረጊያ አትይዢም ወይ አልኳት። ከበር ተመልሳ መጥረጊያ ይዛ ሄደች።

መጥሪያ ካርዱ ጥቅሉ ውስጥ ስለነበረ እኔ መግባት አልቻልኩም፤ ከኋላ ዞሬ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ጥቅሉን ያልወሰዱት አሥራ አንድ ልጆች ከውሃ ታንከሩ ሥር አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። እንዳይሰለቻቸው ታስቦ ይመስለኛል፣ ስም በተጠራ ቁጥር የማጨብጨብ ሥራ ተሰጥቷቸዋል። ልጄ መጥረጊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ከልቧ ታጨበጭባለች፤ የባለታክሲው ልጅ ስትጠራማ ብድግ ብላ ነው ያጨበጨበችው። ወደ ሽልማቱ ሲደረስ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ተጠሩ። ከዚያ እርስዎ ወረቀትዎን ተመልክተው ሦስተኛ የወጣችው ተማሪ ዛሬ አልተገኘችም አሉና አራተኛዋን ጠሩ።

ከመድረኩ እስከ ታንከሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ልጄ ለአራተኛዋም አጨበጨበች። እኔ እዚህ ናት ብዬ ልጮኽ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ዞር ብላ ብታየኝስ፣ ማወቄን ብታውቅስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና ጎማ ያወረድኩበት ክንድ ነው ያለኝ፤ የዚያን ቀን የአጥሩን ሽቦ ከመያዝ በቀር ለምንም አልሆነኝም። ማታ ጽዳቱ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ደክሞኛል አለች።

ይህን ደብዳቤ በእርሳስ ነው የጻፍኩት። እንደ ቤታችን ደንብ በንጹሕ የምትገለብጠው ጸሐፊዋ ስለሆነች ትናንት እሷው እጅ ላይ አኖርኩት፤ የምነግርበት ሌላ መንገድ አጣሁ። ስለ ፋይሉ ከተጻፈው ቦታ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔ ጎንበስ ብዬ የተፈታ ብሎን መልሼ እፈታ ጀመር።

«ግድግዳው ግን እውነቴን ነው፣ አባዬ፤» አለችኝ፤ ቀና አላለችም። «ይረጥባል።»

እውነቷን ነው፤ ይረጥባል። ከዚያ መገልበጧን ቀጠለች። ሁለት ቦታ ላይ ፊደል አርማልኛለች።

እንግዲህ ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ነው። እነዚያን አምስት ወረቀቶች ይስጡኝ። ልጄ እርስዎ ዘንድ ከቆየችበት ስምንት ዓመት ለማስታወሻ የምፈልገው ሌላ ነገር የለኝም። ፋይል ውስጥ ያለ ወረቀት አይወጣም የሚል ደንብ ካለም፣ እንዳለም እገምታለሁ፣ መጥቼ ቆሜ አንብቤያቸው ልመለስ። ከዚህ በታች ያለው ፊርማ ደግሞ በእርግጥ የራሴ ነው። በፋይሉ ካሉት ጋር አስተያይተው አልመሳሰል ቢልዎ አይጠራጠሩ፤ የሷ ከኔው ያምራል።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከአክብሮቱ ከሚበልጥ ምስጋና፣ ከሁለቱም ከሚበልጥ አቅመ ቢስነት ጋር፣

ያልተገኘችው ተማሪ አባት፣
ጎሚስታው

ሳልረሳው፦ ትናንት ሾፌርዎ የፈነዳ ጎማ ይዞ መጥቶ ነበር። ጠገንኩለት። ክፍያው በፈቃደኝነት እንደሆነ፣ የማይፈልግ ግን ምክንያቱን በሦስት መስመር ጽፎ እንደሚፈርም በትሕትና ነገርኩት። ሳይጽፍም ሳይፈርምም፣ ሳይከፍልም ሄደ።