ሦስት ጠርሙስ ቀይ ዘይት

እሑድ፣ ከቀትር በኋላ

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

ትናንት በስልክ «ገንዘቡን አትላኪ፣ መኪናዋ ድናለች» አልኩሽ። «እንዴት ዳነች አባዬ?» ስትዪኝ «መስመሩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁብሽ። መስመሩ አልተቆራረጠም፣ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው። የተቆራረጠው የእኔ ወሬ ነው። ባፌ መናገር ያቃተኝን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ይኸው ብዕር አነሳሁ፤ ወረቀት ላይ ቢያንስ አታቋርጪኝም።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። ጡረታ የወጣሁ ጊዜ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ስታመላልስ ኖረሃል፣ አሁን ደግሞ አንተ ተንደላቀቅ» ብለሽ ያችን ጥቁር መኪና ከጎረቤታችን ከጥርስ ሐኪሙ ገዛሽልኝ። ሰፈሩ «እመቤቲቱ» ነው የሚላት። ዶክተር አሥራ አራት ዓመት እንደ እንቁላል ነው የያዛት። ቆዳ ወንበሯ ላይ ስቀመጥ ሱሪዬን ማራገፍ አምሮኝ ያውቃል።

ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ መኪናዋ በዛችብኝ። ማርሹን ራሷ ትቀይራለች፣ መብራቷን ራሷ ታበራለች፣ ዝናብ ሲጥል መስታወቷን ራሷ ትጠርጋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ዳገት ላይ ከአውቶቡስ ማርሽ ጋር ስታገል የኖርኩት ሰውዬ እንደ ዕቃ ተጭኜ እሄዳለሁ። የግራ እግሬ እስከ ዛሬ ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ሲደበድብ ይውላል። የቀረችኝ አንዲት ሥራ ጠዋት ጠዋት ዘይቷን ማየት ነበረች።

እንግዲህ እንደምታውቂው በተገዛች በስድስተኛው ወር ታመመችብኝ። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን ቆማ ታስባለች። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስታልፍ ወገቤን ይዞኝ ከአልጋ እንደምነሳው ነው የምትነሳው። ያን መስታወት በመስታወት የሆነ ትልቅ ጋራዥ ወሰድኳት። ነጭ ጓንት ያደረገ ሰውዬ ኮምፒዩተር ሰካባት፣ አሥር ደቂቃ አልቆየም። «ማርሽ የሚለዋውጠው ካምቢዮ አልቆለታል፣ ሙሉውን መለወጥ ነው» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ክው ብዬ ቀረሁ፤ አንቺ ለመኪናዋ ከከፈልሽው ከግማሽ በላይ ነው። ጓንቱን እያወለቀ «ሲሸጡላችሁም ታማ ነበር» ብሎ ጨመረበት።

ይህቺ አንዲት ቃል ናት ጉድ የሠራችን። ተሳፋሪ ሁሉ «ቀስ በቀስ» እያለ የሚጠራኝ ሰው በጓደኛዬ ላይ ለመፍረድ አንድ ቀን እንኳን አልታገስኩም። እዚያው ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ደወልኩልሽ። አንቺም ለአባትሽ ተቆርቁረሽ ለዶክተር ያንን መልእክት ላክሽበት። «አባቴ እንደ ወንድሙ ያይዎት ነበር፤ እርስዎ ግን በሽታ ሸጡልን» ነው ያልሽው። ዶክተር በማግስቱ በሬ ድረስ መጥቶ «እስቲ ስማኝ» ሲለኝ በሩን ዘጋሁበት። መኪናዋንም በንዴት ሸራ አልብሼ ግቢ ውስጥ አቆምኳት። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ በረንዳ ላይ ዳማ ስንጫወት ኖረን፣ ሦስት ወር መንገድ ላይ ስንተያይ እኔ ጫማዬን፣ እሱ ሰማይ ሰማዩን።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ክሊኒኩን ዘግቶ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ልጁ ወዳለበት ከተማ ጠቅልሎ ሊሄድ መሆኑን ከጫኞቹ ሰማሁ። የዚያኑ ዕለት ያንቺ መልእክት ደረሰኝ፤ ትምህርቱን ለሚመጣው ዓመት አዛውሬ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ለካምቢዮው ሰኞ እልካለሁ የሚለው። ሁለት ዓመት የጠበቅሽውን ትምህርት ለአንድ ብረት። ወዲያው ደግሞ ንዴቴ አገረሸና የዶክተርን የድሮ መካኒክ አስጠራሁት። በሹክሹክታ ስለሚያወራ «ሹክ» የሚሉትን ታውቂዋለሽ። ያስጠራሁት ሊጠግናት አይደለም። የመኪናዋን በሽታ ያውቅ እንደነበር አፋጥጬ ላናዝዘው ነው።

ዓርብ ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ሸራውን ገለጥኩለት፣ ኮፈኗን ከፈትኩለት።

«ሞተሩን ያስነሱልኝ» አለኝ።

«ዘይት የሚታየው ሞተር ጠፍቶ ነው» አልኩት ቆጣ ብዬ።

«የሞተሩ አዎ፣ የአውቶቡስዎም አዎ። የዚህች ካምቢዮ ግን ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው የሚታየው። ሞተሩ ሲጠፋ ላይ ያለው ዘይት በሙሉ ወደ ታች ይወርድና ከልኩ በላይ የሞላ ይመስላል። ያላወቀ ሰው በዝቷል ብሎ ሊቀንሰው ይችላል።»

ልጄ፣ ያን ጊዜ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። የሆነውን አሁን ልንገርሽ። እኔ ቀስ በቀስ፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ ያልቆምኩ ሾፌር፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ሳይነሳ፣ በቀዝቃዛው፣ ዘይቷን እንደ አውቶቡሴ አይ ነበር። ዘይቱ ምልክቱን አልፎ አያለሁ። «ዶክተር ምኑን ያውቃል፣ አብዝቶባታል» እላለሁ። በቀጭን የጎማ ቱቦ ትንሽ እስባለሁ። በሳምንቱ አሁንም አልፎ አገኘዋለሁ፣ ደግሞ እስባለሁ። ሰው እንዴት ይህን ያህል ይታወራል እንዳትዪኝ፤ ጠዋት ተነስቼ የማደርገው ነገር ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሹክ ሞተሩ እየሠራ የመለኪያውን ዘንግ መዘዘው። ደርቋል። በካርቶን ላይ ተንጋሎ ከሥሯ ገባ፣ ወጣ። «ጠብታ የለም፣ አይፈስም። ዘይት ደግሞ አይተንም። ማን ነካው?»

«እንጃ» አልኩት። ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ከቦርሳው ትክክለኛውን ዘይት አውጥቶ ሞላት፣ ማጣሪያዋን ለወጠ፣ አሙቆ ደጋግሞ ለካ። ከዚያ ወጥተን ነዳናት። ያንን የሆስፒታሉን ዳገት፣ ያንን ቆማ ታስብበት የነበረውን፣ ምንም እንዳልነበር ሽው ብላ ወጣችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሹክ ጆሮውን ወደ ወለሉ አድርጎ አዳመጣትና «ተናደው ማቆምዎ አዳናት፤ አንድ ሳምንት ቢነዷት ኖሮ ያ ሰውዬ ያለው እውነት ይሆን ነበር» አለኝ። የጠየቀኝን ብነግርሽ ትስቂያለሽ፣ ከአንድ ጎማ ዋጋ ያንሳል።

የሳብኩትን ቀይ ዘይት ጣልከው ወይ እንዳትዪኝ። አባትሽ ዕቃ ጥሎ ያውቃል? በሦስት የውሃ ጠርሙስ አድርጌ፣ ቀኑን ጽፌበት፣ ጓሮ መደርደሪያው ላይ ደርድሬዋለሁ። ሹክ ደግሞ እጁን ሊታጠብ የሄደው እዚያው ቧንቧ ጋ ነው። ትዝ ብሎኝ ስከተለው መነጽሩን አድርጎ ሲያነብ ደረስኩ። ዞር ብሎ አየኝ።

«ጽሕፈትዎ ያምራል» አለኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቦርሳውን ሲያነሳ «እኔ ምንም አላየሁም። ዶክተር ግን ነገ ማለዳ ነው የሚሄደው» ብሎኝ ወጣ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። መኪናዋ ድናለች፣ ገንዘብሽ ተርፏል፣ ዶክተር ጥፋተኛ እንደሆነ ይሄዳል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። አንድ ሰዓት ያህል ግቢ ውስጥ ተንጎራደድኩ። እናትሽ ብትኖር ኖሮ አንገቴን ይዛ ትወስደኝ ነበር። ስለሌለች በራሴ እግር ሄድኩ።

ቤቱ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። የክሊኒኩ ወንበር በላስቲክ ተጠቅልሎ ሳሎን መሃል ቆሟል፤ የዳማው ሰሌዳ ክንድ ማሳረፊያው ላይ።

«ምን ፈለግህ?» አለኝ።

«ዕቃ ልመልስ ነው የመጣሁት» አልኩና ከኪሴ ያንን ትልቁን ሲሪንጅ አውጥቼ ሰጠሁት። የእሱ ነው። አምና ከነቀጭን ቱቦው የለመንኩት ነው፤ በምን የሳብኩት መስሎሽ ነበር?

አገላብጦ አየው። ጫፉ ቀልቷል። «አበባ ላጠጣበት ብለህ አልነበረም የወሰድከው?»

«አበባ የለኝም።»

«እኔም ገርሞኝ ነበር። ግቢህ ሲሚንቶ ነው።»

ነገርኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ለሹክ የዋሸሁትን ሳይቀር። ሳልጨርስ ላስቲኩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። «ሦስት ወር» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ የመኪናዋን ደረሰኞች ዘርግቼ ምን አጉድዬባት ነው እያልኩ ስፈልግ ከረምኩ። አርባ ዓመት ጥርስ ስነቅል ጤነኛውን ነቀልኩ ብዬ እጄን ጠርጥሬው አላውቅም። በአንተ ምክንያት ጠረጠርኩት።» እጁን አሳየኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ልይዝ ስል ትከሻዬን ይዞ ከለከለኝ። «ጉልበትህ ያምሃል፣ ከወረድክ ማን ያነሳሃል?» አለኝ።

ኋላ «ታዲያ የሳብከውን ምን አደረግኸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በጠርሙስ አስቀምጬዋለሁ።»

«ቀን ጽፈህበታል?»

«ጽፌበታለሁ።»

ያን ጊዜ ሳቁ መጣ። ወንበሩ ላይ ተንከትክቶ ተንከትክቶ እንባውን በላስቲኩ ጠረገ። እኔም አለቀስኩ፣ የእኔ ግን ሳቅ አልነበረም። ሲረጋጋ «ለምን ነካካሃት ግን?» አለኝ። «እሷ ከእኔ ምንም አትፈልግም ነበር» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ሰሌዳውን ካርቶን ላይ አወረደና ተጫወትን። ሁለቴ አሸነፈኝ፣ ሁለቱም ተገቢ ነው።

ትናንት ጠዋት መናኸሪያ የደረስነው በእመቤቲቱ ነው። ቁልፉን ለእሱ ሰጠሁት፣ መንገዱን ሁሉ ራሱ ነዳት። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ወለሉን ስረግጥ አይቶኝ «ፍሪሲዮን የላትም እኮ» አለኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ የድሮ ጓደኞቼ ሾፌሮቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ዘይቱን ስታይ ሞተሩን አስነሳ» አለኝ። ሙሉውን ጉድ ሳላወራላቸው አልለቀቁኝም።

አንቺን በሚመለከት አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ነኝ ያነሳሁት። «ልጅ ለአባቷ ካልተቆጣች ለማን ትቆጣለች» ነው ያለኝ። አንቺ ያመንሽው እኔን ስለሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቢሆንም ደውዪለት፤ ከአፍ የወጣን ነገር መልሶ መሰብሰብ ባይቻልም ሌላ መጨመር ይቻላል። ቁጥሩ ያው ነው።

ትምህርትሽን ሰኞ ተመዝገቢ። ስትመዘገቢ ንገሪኝ፣ ያን ቀን ሁለተኛ እፎይ እላለሁ።

ሌላም ልጽፍልሽ የፈለግሁት አለ። ስደውልልሽ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ አባዬ፣ ምንም አልጎደለኝም» ትዪኛለሽ። ደስ ይለኛል፣ ፈጣሪ ይመስገን። ግን አንዳንዴ የሚጎድል ነገር ቢኖር፣ ትንሽም ብትሆን፣ ምን ላድርግ ብለሽ ጠይቂኝ። በሥራ ብዛት አልቸገርም።

የረገጥሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክ። ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔ ካየሁት ዳገት ሁሉ ያንቺ ይቅለል።

አባትሽ፣ ቀስ በቀስ

ይድረስሽ ብዬ የጨመርኩት፦ ዛሬ ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ፣ አሙቄ፣ ዘይቱን አየሁት። ልክ ነው። አልነካሁትም።