የአቶ ታናካ ስጦታ

ሰኞ
ቢላው ቀረ። አባዬ ቦርሳዎቻችንን አይቶ ሊያዝ ለሚመጣው ጃፓናዊ እንግዳችን የራሱን የቆዳ መቁረጫ አስውቦ ሊሰጥ ነበር። ጃፓን የተማረችው ጓደኛዬ ዘይነብ ስልክ ላይ ጮኸች፦ «ስለት ይሰጣል እንዴ! ግንኙነታችን ይቆረጥ ማለት ነው!» አራት ነገርም አይሰጥም፤ በቋንቋቸው «አራት» ሲጠራ «ሞት» የተባለ ይመስላል። አባዬ ተማረረ። «ቦርሳ ልሸጥ ነው ወይስ ድግምት ልፈታ?»

ማክሰኞ
ልምምድ። የስም ካርድ በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብሎ። የተቀበሉትን ማንበብ እንጂ ኪስ መክተት የለም። አባዬ ሳቀ። «ይሄማ የኛው ነው! በአንድ እጅ ብቀበል እናቴ መች ትምረኝ ነበር?»
ስጦታው የኪስ ቦርሳ ሆነ፤ ራሱ እየሰፋው ነው። በጣም ውድ ከሆነ እንግዳው ውለታ ለመመለስ ይጨነቃል ተብሏል። መጠቅለያ ፍለጋ ፒያሳን ዞርኩ። ሰማያዊ አገኘሁ።

ረቡዕ
አቶ ታናካ ሱቃችን መጡ። ቦርሳዎቹን አገላበጡ፣ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ስለ ትዕዛዝ ስጠይቅ በእንግሊዝኛ «እናስብበታለን» አሉ። ዘይነብን ብጠይቃት ብዙ ጊዜ በጨዋ ደንብ እምቢ ማለት ነው አለችኝ። ለአባዬ አልነገርኩትም። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ደንበኛ ተበትኗል፤ ይህ ካልሆነ ሱቁ መዘጋቱ ነው።

ሐሙስ
እራት ውቤ በረሃ። አባዬን ስለ ሥራ እንዳታነሳ ብዬው ነበር፤ አላነሳም። አቶ ታናካ ለራሳቸው አይቀዱም፤ ለአባዬ ይቀዳሉ፣ አባዬም ለእሳቸው። ጠጁ አፋቸውን ፈታው። አባዬ የአራዳን ቀልድ ዘረገፈው፤ ግማሹ አይተረጎምም።
ከዚያ ስጦታውን ሰጠ። «አይገባም» አሉ። ደግመውም «አይገባም»። መጀመሪያ እምቢ ማለት ደንባቸው መሆኑን ለአባዬ ነግሬው ነበር፤ ግን ደነገጠ። «በሞቴ! በሞቴ ይቀበሉኝ!» እኔ ቂሏ ቃል በቃል ተረጎምኩት።
አቶ ታናካ ብርሌውን አስቀመጡ። «አባትሽ ታመዋል?»
ላብ በላብ ሆንኩ። ለወደድነው ሰው ነፍሳችንን አስይዘን እንለምናለን ብዬ አስረዳሁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እዚያው አልከፈቱትም። አባዬም አልጠበቀም፤ እኛስ ሰጪው ፊት መች እንከፍታለን?

ዓርብ
አቶ ታናካ ጠዋት ሳይጠሩ ሱቅ መጡ፤ ማታ ወደ አገራቸው ይበራሉ። ለቤተሰቡ ጣፋጭ ይዘዋል። ጾም ነው ስላቸው «እንግዲያው ነገ» አሉ። ቡናማዋን ቦርሳ መረጡ፦ ማንገቻዋ ይጠር፣ ውስጧ ኪስ ይጨመር። «ለሙከራ አንድ ላኩልኝ። ከዚያ እንነጋገራለን።»
ይሄስ ምን ማለት ነው? ዘይነብ አሰበች። «ይሄ እንኳ እሺ ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት!»
አባዬ ከዚያ ወዲህ ቆዳ እየመረጠ ነው። አንዱን ያነሳል፣ በር ላይ ወጥቶ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። ያፏጫል። እናቴ ለምሳ ብትደውልለት «መጣሁ» አለ፤ አልሄደም። ሲመሽ መብራቱን አበራሁለትና ብቻዬን ወደ ቤት ሄድኩ።