ሸክላው ላይ የሌለው ስንኝ

ይድረስ ለወንድምዓለም ለወልደ ዮሐንስ፤

ከተለየኸን ወዲህ እንደምን ከርመሃል? የአዲስ አበባ ብርድ እንደምን ይዞሃል? ጉሮሮህስ? ክረምት በገባ ቁጥር የሚጥልህ ሳል ተወህ ወይስ እዚያም ተከትሎህ ሄደ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር በጤና አለን፤ በጤና ማለቴ ራሳችንን አላመመንም፣ ሆዳችንን አልቆረጠንም ለማለት ነው። ሌላውን ግን አሁን እነግርሃለሁና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ዘፈንህ አንደኛ መውጣቱን የጻፍህልኝ ደርሶኛል። ባትጽፍልኝም አውቀው ነበር። ወይዘሮ ሀብትነሽ ጠጅ ቤቷ ውስጥ ግራማፎን አስገብታለች፤ በገበያ ቀን ጠዋት ያስቀመጠችውን ያንተን ሸክላ እስኪመሽ አታነሣውም፣ ሰዉም ሌላ አይጠይቃትም። አምና የታጨሁ ጊዜ በማሲንቆ ብቻ ዘፍነኸው በሬዲዮ ሲሰማ ግን፣ ከእኔ በቀር ቡሬ ውስጥ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ለሠርጌ መድረስ አልችል ይሆናል ብለህ የላክህልኝ መሰናበቻ መሆኑን ስለማውቅ፣ ጎረቤት ቤት በርበሬ እየቀነጠስሁ ሰምቼው አለቀስሁ። «የተካፈልነው የአንድ እናት ጡት፣ ደኅና ሁኚልኝ እህቴ ታንጉት» ብለህ ነበር የጀመርኸው።

ያ የባንድ አለቃህ «እህት እህት ማለቱ ለቅሶ አስመሰለው» ብሎ መጀመሪያውን አስቆረጠህ፤ ጊታርና ከበሮ ጨመረበት፣ ሮክ በሚሉት ምት አስሮጠው። ሸክላው ላይ የቀረው «ብቅ በይ ታንጉት፣ ሳይወስዱሽ ልይሽ» የሚለው ብቻ ሆነ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያምራል። ሰው አያስቀምጥም። ግን ወንድም ለሙሽራ እህቱ ሲለው ምርቃት የነበረው፣ እህት የሚለው ቃል ሲወጣለት ምን እንደሚመስል ያሰበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም?

አንተም ስምህን «ደረሰ» ብለህ ስለለወጥህ፣ ዘፋኙ ወንድሜ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባየ ልጄ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሯል ብለው ነበር የሚያምኑት። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ሾፌር ሁሉ «የቷ ናት ታንጉት?» ይላል። ውኃ ስወርድ ጎረምሶቹ ያንን ጊታር በአፋቸው እየመቱ ይከተሉኛል። ወሬው ገበዝ ማርያም ድረስ ሄዶ የእጮኛዬ የገብረሰንበት ቤተ ሰቦች ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌ ላኩብን። ለጥር ሠርግ ከመደገሳችን በፊት፣ ሳይወስዱሽ ልይሽ የሚላት ሰው ማን እንደሆነ ይነገረን አሉ። እማየ በቁርባኗ ማለች፤ አላመኗትም።

እኔ ምን ልበል? ዘፋኙ ወንድሜ ነው ብል አንተን ለአባየ አሳልፌ ሰጠሁ፤ ዝም ብል ባለጌ ሆንሁ። ጠላ ልቀዳላቸው ተነሣሁ።

አባየ ሽማግሎቹን አስቀምጠው ወጡ። ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ፣ ሄደው ከሀብትነሽ ጠጅ ቤት አጥር ሥር ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ደጅ ረግጠው አያውቁም። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ዜማ ያስተማሩህ እሳቸው አይደሉ፣ ትንፋሽህን የት ላይ እንደምትሰርቅ ያውቃሉ። ተመልሰው መጥተው «ድምፁ የልጄ የወልደ ዮሐንስ ነው። ታንጉት እህቱ ናት» አሉና ተቀመጡ።

ተገላገልን ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ለካ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅቱስ ከነክብሯ ናት፣ እግዜር ይመስገን፤ እኛ ግን የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ቤት ብለን ነበር የመጣነው፣ የአዝማሪ ቤት መሆኑን አላወቅንም አሉ። የቀረበላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ገብረሰንበትም ከዚያ ወዲህ ቃል አልላከልኝም።

አባየ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ማኅሌት ገብተው፣ ሁልጊዜ ከሚመሩበት ቦታ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ፣ ከተማሪዎቻቸው ኋላ ቆሙ። ማንም ሂዱ አላላቸውም፤ ወደፊት ይምጡ ያላቸውም የለም።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ዘፈኑን አቁም ልልህ ነበር። ግን ምኑን ታቆመዋለህ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንተ ብትተወው ሸክላው አይተወው። የተቆረጠውን መልሰህ ብታስገባውም፣ ሰው የወደደው ያለ እሱ ነው። ተቆጥቼሃለሁ፤ ደግሞ አሳዝነኸኛል፤ ሁለቱም ባንድ ላይ መጥተውብኝ የማደርገው ጠፍቶኛል። ትናንት በርበሬ ስቀነጥስ እጄ ፈጠን ፈጠን አለብኝ፤ ምን ሆኜ ነው ብል፣ ለካ እኔው ራሴ እየዘፈንሁት ኖሯል።

እማየ ዓይኑን ሳሚልኝ ትላለች፤ ሌላም ልትል ጀምራ እንባ ቀደማት። ትንሿ እህታችን አደይ እጅ ትነሣሃለች፤ ዘፈኑን ከነጊታሩ ስለምትችለው ትምህርት ቤት ጓደኛ በዝቶላታል፣ ከቤታችን ደስ ያላት እሷ ብቻ ናት። ወይዘሮ ሀብትነሽ ዘፋኙ የእኛ ልጅ መሆኑን ከሰማች ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ሰላም በይልኝ ትላለች። አባየ ሰላምታ አላዘዙኝም። ደብዳቤውን ላሽግ ስል ግን ጠሩኝና፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፋቸው ሳያነሡ እንዲህ ብለሽ ጨምሪለት አሉኝ፦ ብቅ በል ልጄ፣ ሳይወስዱኝ ልይህ።

እህትህ ታንጉት ክንፈሚካኤል
ቡሬ፣ ኅዳር 19 ቀን 1962 ዓ.ም.