በሲሚንቶ ስለ ተደፈነው የእናቴ የቆጮ ጉድጓድ

ለክቡር የኒውክሌር ኃይልና የአየር ንብረት ግንዛቤ ማስጨበጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ ሹፌርዎና ያ ወፍራም ጃኬትዎስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ጓሯችን ከመታሸጉ በቀር ደህና ነን። እኔ ሳላሀዲን ከማሉ እባላለሁ፤ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ በርበሬና እንሰት አለማለሁ። ከክረምቱ በፊት ጓሮው ገብታችሁ የእናቱን የሀሊሜን የቆጮ ጉድጓድ በሲሚንቶ የደፈናችሁበት ሰው እኔ ነኝ።

አስቀድሞ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በቡታጅራው ስብሰባ ላይ ኒውክሌር ጭስ እንደሌለው፣ ዝናብ ቢጠፋም እንደማይቆም፣ ዓለምንም ከሙቀት እንደሚታደግ ሲያስረዱን መብራት ቢጠፋ እርስዎ አልደነገጡም፤ በድቅድቅ ጨለማ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ስለ ብርሃን አስተምረውናል። ነገሩንም ከልቤ ነው የሰማሁት። በርበሬዬ በአበባው ሲረግፍ አይቻለሁና የአየር ንብረት ተለወጠ ሲሉኝ አልከራከርም፤ መብራት የሚሰጠን ግድብም እንደ እኔው ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ጭስ የሌለው ኃይል የሚጠላ ሰው በቤቴ የለም። ከወልቂጤ የመጣችው መምህርት ሰብለ ግን እጇን አውጥታ ቆሻሻው የት ይቀበራል ብላ ጠየቀችና ጉድ ፈላ።

እርስዎም ፈገግ ብለው፣ የጉራጌ ሕዝብ መቅበርን ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ የተካነ መሆኑን፣ ቆጮን ለዓመታት መሬት ውስጥ አኑሮ አንድም ሰው እንዳልተጎዳበት፣ ስለዚህም አገር በቀል ዕውቀታችን ለአቶሚክ ቆሻሻ ማከማቻ አርአያ እንደሚሆን አበሰሩን። አጨበጨብን፤ ያመሰገኑን መስሎን ነበር። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል ማለት ለካ ይሄ ኖሯል! በሳምንቱ ሲሚንቶ፣ ቢጫ ላስቲክና የራስ ቅል የተሳለበት ሰሌዳ ይዛችሁ ከች አላችሁ፤ የእናቴም ጉድጓድ ሞዴል ማከማቻ ተብሎ ተደፈነ። እንግዲህ በትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎች እነሆ።

አንደኛ፦ ክቡርነትዎ፣ ቆጮ ቀብረው የሚተዉት ነገር አይደለም። ጉድጓዱ በየጊዜው ይከፈታል፣ ቅጠሉ ይለወጣል፣ ይገለባበጣል፤ የመንደሩ ሴቶችም ተሰብስበው እያሸተቱ ይመክሩበታል። ዝም ከተባለ ይበላሻል። እናንተ መቅበራችንን አይታችሁ መክፈታችንን ዘለላችሁት። መቼም አይፈረድባችሁም፤ ከሲሚንቶው ጋር የመጡት ባለሙያዎ አንዴ ቢያሸቱት ጭንብላቸውን አጥልቀው፣ ጨረር አፈትልኳል እያሉ በእንሰቱ መሐል ስለሮጡ የቀረውን ለማየት ፋታ አላገኙም።

ሁለተኛ፦ ያ ቆጮ የልጄ የዛህራ የሠርግ ቆጮ ነው። እንሰቱን አያቷ ናት በእጇ የተከለችላት። ኒካሁ ደርሷል፣ ሠርገኛው ከአረቅጥ ይመጣል፣ ጉራጌ ቤት ደግሞ ያለ ቆጮ ድግስ ብሎ ነገር የለም። እናቴ በየማለዳው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ፣ የታመመ ልጅ እንደምታስታምም ሁሉ በመዳፏ እየዳበሰች ታለቅሳለች። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ እርር ብሏል፤ አክብሮቴ ግን እንዳለ ነው።

ሦስተኛ፦ ሰሌዳዎ እጅግ ያምራል፤ ጎረቤት በጓሯችን ማለፉን ትቷል። የሙሽራው አጎት አቶ ሰይዶ የሙሽሪት ቤት ቦምብ ቀብሯል ሲባል ሰምተው፣ ነገሩን እንዲያጣሩ ሽማግሌ ልከውብናል። ባለሱቁ ዮሲ ደግሞ ያረገዘችው ላማችን የምትወልደው ጥጃ በጨለማ የሚያበራ ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እንድናውሰው ከወዲሁ ተማጽኖናል።

አራተኛውን ቅሬታ የተናገረችው እናቴ ናት፤ ወደ አማርኛ ብመልሰው ለክቡርነትዎ ጆሮ ስለማይመች ትቼዋለሁ።

ኒውክሌር ይጥቀም ይጉዳ እናንተ ተከራከሩ፣ አጥኑ፣ እኛንም አስተምሩን፤ እንሰማለን። ግን ሰው ሳይጠየቅ በጓሮው ምንም አይቀበርም። ነገሩ እንዳሉት እንከን የለሽ ከሆነ ደግሞ የቢሮዎ ግቢ ሰፊ ነው፣ አጥሩም ያማረ ነው፤ ምነው ያን የመሰለ ክብር ለገበሬ ብቻ አደላችሁ?

ለአርቆ አሳቢነትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ አላህ ዕድሜና ጤና፣ ከተቻለም ጥቂት የቆጮ ዕውቀት እንዲጨምርልዎ እየለመንኩ፣ የሞዴል ማከማቻው ያልተሾምኩ ዘበኛ፣

ሳላሀዲን ከማሉ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ይዤ ቢሮዎ ብመጣ ወደ ሌላ ኮሚቴ ተዛውረዋል አሉኝ። ተተኪዎ ስለ የትኛው ጉድጓድ እንደማወራ ግራ ገብቷቸው፣ ለመሆኑ ለመቆፈር ፈቃድ አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቆሻሻውን ለአሥር ሺህ ዓመት እንጠብቀዋለን ያላችሁን ሰዎች አንዲት ጉድጓድ ለአንድ ክረምት ማስታወስ አቃታችሁ! ቤቴ ተመልሼ ሲሚንቶውን በዲጅኖ ሰበርኩት። የላዩ ቆጮ ተበላሽቷል፤ የሥሩ ግን ተርፏል፣ ዛህራም ትዳራለች። የተበላሸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀን ለቢሯችሁ ልከናል፤ በአደራ አስቀምጡልን፣ አሥር ሺህ ዓመት እንኳ ባይሆን እስከ ሠርጉ ማግሥት ብቻ።