በኩሽናው በር ላይ የጠራሁት ስም

ማክሰኞ

ዛሬ ዝርዝሩን ከመምህርት ሰናይት እጅ ተረከብኩ። «እትዬ ወርቄ፣ ይተዉት፤ እኔው ልያዘው» አለችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ፣ አሁን ወረቀት የምትከለክይኝም አንቺ?» አልኳት። እየሳቀች ሰጠችኝ።

ይህን ደብተር ድንገት ሰው ቢያገኘው እንዲያውቀኝ፦ ወርቅነሽ እባላለሁ፤ እዚሁ ቡታጅራ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። የማታውን የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ጨርሼ አንደኛ ወጥቻለሁ። ስንት ነበራችሁ ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ ነው። መምህርት ሰናይት ያገኘችብኝ ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አልችልም። በሆዴ ላንብብ ብልም ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ድምፄ ይከተላል። ታዲያ ምን ችግር አለው? ይህን ያህል ዘመን የተመኘሁትን አግኝቼ በሆዴ ልደብቀው?

የዝርዝሩ ነገር እንዲህ ነው። ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ድጎማ ለሁሉም ተማሪ አይበቃም። ስለዚህ ቤታቸው ምሳ የማያገኙት ልጆች ተመርጠው እኔ ጋ ይበላሉ፤ ደብተርና ዩኒፎርምም ከዚያው ይገዛላቸዋል። ማን እንደበላ በየቀኑ ካልተመዘገበ ለቀጣዩ መንፈቅ አይለቀቅልንም ይላሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ተካልኝ። እስከ ዛሬ መምህርት ሰናይት በየክፍሉ እየዞረች ለየልጁ በጆሮው ሹክ ትል ነበር። ከዚያ በጓሮ በኩል አንድ በአንድ ይመጣሉ። ምን ዓይነት አሠራር ነው! ሩዙ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እበግናለሁ።

እኔ ምን አደረግሁ? ስድስት ሰዓት ደወል ሲደወል ኩሽናው በር ላይ ቆምኩ። መነጽሬን ሰካሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ ስም ከነአባት፣ ከነክፍል! ድምፄ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ እዚህ ቆሜ ሌላ ከተማ፣ እንሴኖ ገበያ ካለ ነጋዴ ጋር ዋጋ መከራከር እችላለሁ። አንድም ስም አልተሳሳትኩም። አንድም! ግቢው በሙሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ብቻ (እዚህ ጋ ስሟን ጽፌ ነበር፤ ዓርብ ዕለት በእስክሪብቶ ደለዝኩት) ሦስት ጊዜ ብጠራት አልመጣችም። በአራተኛው «አንቺ ልጅ፣ የድጎማ ምሳሽ ቀዘቀዘ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። ልጆች ሳቁ። እሷ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሮጠች። ሆዷን ሳያማት አልቀረም።

ለማንኛውም፣ የዛሬዋ ቀን የእኔ ናት።

ረቡዕ

ሆዷን አላመማትም።

ዛሬ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ሌሎች አምስት ልጆች ደግሞ ግቢ ውስጥ እያሉ ስጠራቸው አንሰማም አሉ። አንዱን ልጅ ዓይን ለዓይን እያየሁት ጠራሁት፤ ዞሮ ኳስ መምታት ጀመረ። ንፍሮው ተረፈ። የእኔ ንፍሮ ተርፎ አያውቅም!

መምህርት ሰናይት መጣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የጎጃም ልጅ ናት፤ ስታዝን ድምጿ ይቀንሳል። «እትዬ፣ የተጠሩትን ልጆች 'ድጎማዎቹ' እያሏቸው ነው» አለችኝ።

«ይቺ የቀረችውስ?»

«እሷማ አባቴ አዲስ አበባ ትልቅ ሱቅ አለው እያለች ነበር የምታወራው። ትናንት እርስዎ ሲጠሯት ክፍሉ በሙሉ 'ሱቁ ተዘጋ እንዴ?' አላት።»

የተረፈውን ንፍሮ ከደንኩት።

ያን ሁሉ ጊዜ በየክፍሉ እየዞረች ሹክ የምትለው ድምፅ አጥታ መስሎኝ ነበር። ለካስ እሷ የምትጠነቀቀው ለልጆቹ ነው። እኔ የምጠነቀቀው ለሩዙ።

ሐሙስ

ዛሬም አልመጣችም።

አቶ ተካልኝ ኩሽና ድረስ መጡ። «ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ሰኞ ሪፖርት ይላካል። ያቺ ልጅ ሰኞም ከቀረች ስሟ ይሰረዝና ሌላ ልጅ ይተካል። ተራ የሚጠብቁ አሉ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተራ የሚጠብቁ አሉ። ግን እጄ ላይ የነበረው ጭልፋ ከበደኝ።

ከሥራ ስወጣ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ቤታቸው ሄድኩ። እናትየውን በመልክ አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ ነጠላዋ እንደ ወረቀት ነጭ ነው፣ ሰላምታዋ ቁጥብ ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ግቢም አላለችኝ።

«ደግሞ ስኳር አመጣሽልኝ?» አለች። «ይህንንስ ዝርዝር ላይ ጽፈሽዋል?»

«እህቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ባሌ አዲስ አበባ ነጋዴ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ለመስቀል ሥጋ ከማንም ቀድሞ የገባው እኔ ቤት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! ብታውቂ ከነአባቷ ስም ጠርተሽ አትጮኺም ነበር።»

ከውስጥ አንድ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። በትከሻዋ በኩል አየሁ። ልጅቷ ወለል ላይ ተቀምጣ ልብሷን በፌስታል ትከታለች። ዩኒፎርሟ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«ቅዳሜ አክስቷ ጋ ትሄዳለች፣ አዲስ አበባ። ሕፃን ትይዝላታለች።»

«ትምህርቷስ?»

«እዚያ ስሟን የሚጠራ የለም» አለችና በሩን ዘጋችው። ስኳሩን ደጃፉ ላይ ትቼ ልሄድ አልኩና መልሼ አነሳሁት። ጎረቤት ቢያየውስ?

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የሰው ሕፃን ልትይዝ።

ዓርብ

ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ይህን ደብተር ገልጦ ስሟን መደለዝ ነበር። ወረቀቱ እስኪቀደድ ደለዝኩት።

ከዚያ ወደ አቶ ተካልኝ ቢሮ ሄድኩ፤ መምህርት ሰናይትም ነበረች። «ከእንግዲህ ስም አልጠራም» አልኩ።

«መመሪያ ነው። ልጁ በስሙ ካልተጠራ መብላቱን በምን እናረጋግጣለን?» አሉኝ።

መመሪያው ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ድሮ ቢሆን ለእኔ እሱም ግድግዳ ነው። ተነሳሁና ጣቴን እያስሄድኩ አነበብኩት፤ ጮክ ብዬ፣ መቼስ ሌላ አልችልም። «በየዕለቱ የተመገበ ተማሪ በስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረግበታል።» አለቀ። መጥራት የሚል የለም። ሁለተኛም አነበብኩላቸው። ሦስተኛ ልጀምር ስል «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ። መምህርት ሰናይት አንገቷን ደፍታ ሳቋን ዋጠች።

«ምልክቱን ማን ያደርጋል ታዲያ? አስተማሪ በየቀኑ ኩሽና ላቆም አልችልም» አሉ።

«እኔ። መልካቸውን አውቃለሁ፣ ስማቸውን አነባለሁ። በአንድ እጄ እጨልፋለሁ፣ በአንድ እጄ እጽፋለሁ።»

«ድምፅ ሳያወጡ?» አለች መምህርት ሰናይት።

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። «ሰኞ ታዪኛለሽ» አልኳት። አፌ እንደሆነ ቃል ለመግባት ሰንፎ አያውቅም።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ልጅቷ ግን ነገ ትሄዳለች።

ቅዳሜ

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። የአዲስ አበባው ሚኒባስ እየሞላ ነው። አገኘኋቸው፤ እናትየው ቆማለች፣ ልጅቷ ፌስታሏን አቅፋ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ደግሞ እዚህም መጣሽ?» አለች እናትየው። «ማይክራፎን አልያዝሽም?»

ጎተት አድርጌ ወደ ጥግ ወሰድኳት። ልለምናት ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። መነጽሬን አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ።

«አድርጊው» አልኳት።

«ምን?»

«አድርጊው ብዬሻለሁ።»

አደረገችው። ግራ ቀኝ አየች። «ምንም ለውጥ የለውም እኮ።»

«ምን ለውጥ ይኖረዋል! ተራ መስታወት ነው። ዓይኔን አሞኝ አያውቅም።» ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። በቀበሌው፣ በባንኩ፣ በዕድሩ፣ ወረቀት በሰጡኝ ቁጥር 'ውይ፣ መነጽሬን ረሳሁ፣ አንብቡልኝ' እያልኩ ነው የኖርኩት። ሰው 'መነጽር ለምን አትገዢም?' ማለት ሲያበዛ ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ 'ውይ፣ መነጽሩ ደከመ'። ማንበብ እንደማልችል የገዛ እህቴ አታውቅም ነበር። «ደብቆ መኖር እንዴት እንደሚያደክም እኔ አውቃለሁ» አልኳት። «አውቄም ደግሞ የአንቺን በር ገነጠልኩት።»

መነጽሩን እንዳደረገች ቆየች። አንድ ጊዜ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ ሞላ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ የነገረችኝን ነገረችኝ። ባልየው ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስልኩም አይሠራም። ለጎረቤት 'ቡኢ ከተማ እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ' የምትለው ውሸት ነው፤ ቡኢ እህት የላትም። ልብስ ነው የምታጥበው፣ ማንም በማያውቃት ሰፈር። የመስቀሉም ሥጋ ከዚያው ነው። (ይህን መጻፌ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ደብተሩን ከዛሬ ጀምሮ ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ።)

«አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ።

«ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው ሁሉ ፊት እቆማለሁ» አልኳት። «'ደባልቄ ነው ያነበብኩት፣ ገና ጀማሪ ነኝ' እላለሁ። ከዚያ በኋላ ስም አይጠራም። በጓሮ ትገባለች፣ ትበላለች፣ ትወጣለች።»

«አንቺ? አልችልም ልትዪ?» አለች። ጠባዬን ለካ ታውቃለች።

«እኔ።»

ረዳቱ ጮኸ። መነጽሩን መለሰችልኝ። «ሂጂ ወርቄ፣ በእናትሽ። ሰው ፊት አታስለቅሺኝ።»

ሄድኩ። ዞሬ ሳይ ሚኒባሱ ወጥቷል። መስኮቱ መጋረጃ አለው። ልጅቷ ውስጥ ትኑር፣ ውጭ ትቅር፣ አላየሁም።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በደጃቸው አለፍኩ። በሩ ከውጭ በቁልፍ ተቆልፏል። ወይ አዲስ አበባ ድረስ ልትሸኛት አብራ ሄዳለች፤ ወይ ቡኢ ናት፤ ወይ እኔን ላለማየት ነው። ጎረቤት መጠየቅ አልፈለግሁም። የጠየቅኩትን ያህል ጠይቄያለሁ በዚህ ሳምንት።

ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ ስለማመድ ዋልኩ። የሳሙናውን ካርቶን፣ የጨውን ፌስታል፣ አግብታ የወጣችው ልጄ የተወችውን የድሮ መጽሐፍ። ከንፈሬን በጣቴ ያዝኩት። ጣቴን ስለቅቅ ያመልጠኛል። ጥርሴን ገጥሜ ሞከርኩ፤ በአፍንጫዬ ወጣ! ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል።

ነገ ምን ብዬ እንደምቆም አላውቅም። ጮክ ብሎ መኩራት ቀላል ነው።

ሰኞ

መዝሙሩ አልቆ ባንዲራው ተሰቀለ። አቶ ተካልኝ «ባጭሩ» ብለው አሳለፉኝ። ወጣሁ። መነጽር አላደረግሁም።

«ልጆች፣ ማክሰኞ ስም የጠራሁ ዕለት ደባልቄ ነው የጠራሁት» አልኩ። «የማን ስም ከማን እንደገጠምኩ እኔም አላውቅ። ማንበብ ገና አልቻልኩም። የጠራሁትን ሁሉ እርሱት።»

ሳቁ። ኋላ ያለ አንዱ ጎረምሳ «እትዬ ወርቄ አንደኛ ክፍል ትግባ!» አለ፤ ባሰባቸው። ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆምኩ። በረድፎቹ መካከል ዓይኔን አስሮጥኩ። የአምስተኛ ክፍል ረድፍ ረጅም ነው፤ ከዚያ ቦታ ሁሉም ዩኒፎርም አንድ ይመስላል። አላየኋትም። መምህርት ሰናይት ብቻ አልሳቀችም። በእጇ ደረቷን ይዛ ቆማ ታየኛለች።

ስድስት ሰዓት። የጓሮውን በር ከፈትኩ። ዝርዝሩን ከድስቱ አጠገብ ዘረጋሁ። አንድ በአንድ መጡ። ኳስ መቺውም መጣ፣ መሬት መሬት እያየ። ጨለፍኩ፣ ምልክት አደረግሁ፤ ጨለፍኩ፣ ምልክት አደረግሁ። ጥርሴን ገጥሜያለሁ። አምስቱም ተመለሱ።

አንድ ስም ቀረ። አንድ ሰሃን ቀረ።

የከሰዓቱ መግቢያ ደወል ሊደወል ነው። አቶ ተካልኝ ዝርዝሩን ሊወስዱ በዋናው በር መጡ፤ እጃቸውን ዘረጉ። «ትንሽ» አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ። «ትንሽ» አልኩ እንደገና።

የጓሮው በር ላይ ጥላ አረፈ። ዩኒፎርሟ በደንብ ተተኩሷል። እናትየው ከአጥሩ ውጭ ቆማለች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፤ ወደ ውስጥ አልገባችም፣ አልሄደችም። ቃሌን ልታይ ነው የመጣችው።

ልጅቷ አየችኝ። የልጅቷ ስም አፌ ጫፍ ደረሰ። ሙሉው፣ ከነአባቷ። ዋጥኩት። ሰሃኑን ሞልቼ ሰጠኋት። ዝርዝሩ ላይ ጣቴን አስሄድኩ፣ አገኘሁት፣ አነበብኩት፣ ምልክት አደረግሁ።

ከንፈሬ አልተንቀሳቀሰም።

ነገ ትመጣ እንደሆነ እንጃ። እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ዛሬ ግን ልጅቷ በላች።