አየር በግምት

ሰኞ

ሚኒባሳችን ዛሬም ገሳይ ከተማ አልደረሰችም። አባባ ተሳፋሪዎቹን መንገድ ላይ ለሌላ ሚኒባስ ሰጥተው ባዶዋን ይዘዋት ተመለሱ። «ልጄ፣ ዳገቱ ሲጀምር ትንኳኳለች፤ ጉልበትም የላት» አሉኝ። ፊቴን አላዩም።

ችግሩ የት እንዳለ አላውቅም እንጂ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የድሮው የአየር ሴንሰር ሲበላሽ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ፈልጌ አጣሁ። እሱ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ራሱን ነበር የሚለካው። እኔ በስሌት የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ገጠምኩላት። ግፊቱን፣ ሙቀቱንና የሞተሩን ዙር አይቶ ይህን ያህል አየር ገብቷል ይላል፤ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ይሰጣል። ቴክኒክ ኮሌጅ ሳስተምረው እንዴት ያምራል! ለአባባ ያስረዳኋቸው ቀን ግን «እና አየሩን በግምት ነው በይኛ» አሉኝ።

ማክሰኞ

መኪና እየፈታ ዕቃዋን የሚሸጥ ሰው መጣ። አባባ «እስከ ቅዳሜ ዳገቱን ካልወጣች ውሰዳት» አሉት። እኔን ሳይጠይቁ። እሳቸው ቃል ከሰጡ ደግሞ አለቀ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤት የሚገቡት ለመተኛት ብቻ ነው። መኪናዋ ከሄደች ቀኑን ሙሉ ምን ሊያደርጉ ነው? ፈራሁ።

ረቡዕ

የቤንዚን ፓምፕ፣ ደህና። ካንዴላ፣ ደህና። የግፊት ቱቦው፣ ደህና። ግቢ ውስጥ ሳስነሳት ምንም የለባትም። ቤንዚን ብጨምርላት ጥቁር ጭስ ተፋችብኝ፤ መለስኩት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፊቴን በግራሶ እጄ ስጠርግ አባባ አይተው ሳቁብኝ። ሳቃቸውን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ሐሙስ

ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ «የትኛው ይሻላል፣ የሚለካው ወይስ የሚያሰላው?» አለችኝ። መጽሐፉ ሁለቱም ጥሩ ናቸው ይላል። ርዕስ ቀየርኩ።

ዓርብ

ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘሁትን ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አድርጌ አብሬያቸው ወጣሁ። መኪናዋ ጢም ብላለች። ከከተማ ወጥተን የጉና ተራራ ብርድ ሲቀበለን አባባ ቆመው ወረዱና ከፊት በኩል አንድ ነገር አሰሩ። እኔ ቁጥሮቹ ላይ አፍጥጬ ነበር።

ዳገቱ ላይ መንገደኛው ሁሉ ጋቢ ተከናንቧል፤ ላፕቶፑ ግን የሚገባው አየር ትኩስ ነው ይላል። ትኩስ አየር ስስ ነው፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ቀነሰ። ቤንዚን ሲያንሳት ውስጧ ከልክ በላይ ጋለና ተንኳኳች። «አባባ፣ ያቁሙ!» ከማለቴ ከውስጥ አንድ ነገር ጓ አለ። ፒስተኑ ተበሳ።

ኮፈኑን ልከፍት ወደ ፊት ስሄድ አየሁት። ራዲያተሩ ላይ ካርቶን፣ በሲባጎ የታሰረ። ሞተሯን ብርድ እንዳይመታት አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ከተማ ሲገቡ ይፈቱታል። የድሮው ሴንሰር አየሩን ራሱን ስለሚለካ አይታለልም ነበር። የእኔ የሙቀት መለኪያ ግን የተሰካው ሞተሩ ብረት ላይ ነው፤ ካርቶኑ ሙቀቱን ሲያፍነው የብረቱን ትኩሳት የአየሩ ነው አለን። ስሌቴ ውስጥ ካርቶን አልነበረም።

«ምን ሆነችብኝ?» አሉኝ።

«ስሌቴ ነው አባባ። እኔ ነኝ ያበላሸኋት።»

ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ፣ የካርቶኑን፣ ከእኔ አይሰሙም።

ቅዳሜ

ሰውዬው ሊጎትታት ገመድ ይዞ መጣ። ሞተሯን ለብቻ፣ ወንበሯን ለብቻ እንደሚሸጥ አባባ ያውቃሉ። ቢሆንም ካርቶኑን አራገፉና አጥፈው ከሾፌሩ ወንበር ሥር አስቀመጡላት።

«ልጄ፣ ንገሪው» አሉኝ። «በጉና በኩል ካለፈ ይህን ያድርግላት፤ ብርድ እንዳይመታት።»

ሄጄ ነገርኩት።