«ጥርት ያለ ነው» ስለተባለው ጭንቅላቴ

ለክቡር የሠራተኞች ሕክምና ቦርድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ውሳኔዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ከእኔ እንቅልፍ የተሻለ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ሁለተኛ መስኮት አሥራ አራት ዓመት መድኃኒት ያደልኩ ፋርማሲስት ነኝ፤ ባለፈው ማክሰኞ ፊትዎ ቀርቤ ነበር።

ባይፖላር የሚባለው ሕመም እንዳለብኝ ከቦርዱ አልደበቅሁም። ስሜቴ አንዳንዴ ያለ ክንፍ ያበርረኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከአልጋ መነሣት ተራራ ይሆንብኛል። መድኃኒቴን ሳላዛንፍ ስለምወስድ ሁለቱም ጋብ ብለውልኛል። አልመለስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያነበብኩት መስመር ዓይኔን ሳልነቅል ይጠፋኛል፣ የጀመርኩትን ቆጠራ መሐል ላይ እለቀዋለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና ራሴ አመለከትኩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬም ከመስኮቱ ተነሥቼ ወደ መጋዘን እንድዛወር ለመንኩ። መጋዘን ውስጥ ብሳሳት የሚጎዳው ካርቶን ነው።

አንደኛ፣ ቦርዱ ያዘዘልኝን የአንጎሌን የኤምአርአይ ፊልም ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው «ጥርት ያለ ነው፤ ይሄ ጭንቅላት ከእኔም ይሻላል» በማለትዎ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የቦርዱ አባላት ሳቁ፤ ሰብሳቢ ሲቀልድ ላልሳቀ ሌላ ምርመራ ይታዘዝለታልና እኔም ሳቅሁ። የአእምሮ ሐኪሜ በጻፉት ደብዳቤ፣ እንዲህ ያለው ምስል የብዙ ሕሙማን አንጎል በአንድነት ሲጠና ልዩነት ሊያሳይ ቢችልም፣ የአንዲት ሴት ትኩረትና ማስታወስ ግን ከአንድ ፊልም ላይ እንደማይነበብ ገልጸው ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ በወረቀትና በእርሳስ ፈትነውኝ የወደቅሁበትንም ውጤት አያይዘዋል። ቦርዱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ እናንተም ፎቶ ያልተነሣ ችግር አታምኑም።

አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። እዚያ ማሽን ውስጥ ተጋድሜ ድምፁ እንደ መዶሻ ሲቀጠቅጠኝ፣ የሆነ ነገር እንዲገኝብኝ ስጸልይ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ እናቴ እልል አለች፣ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁጠባችሁ አመሰግናለሁ። በመስኮቶቻችን ሁሉ አንድ የጥንት ልማድ ነበር፤ አንዱ በከረጢቱ ላይ የጻፈውን ሌላው ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር አስተያይቶ ሳይፈርም መድኃኒት አይወጣም ነበር። በሰው እጥረት ከሁሉም መስኮቶች ከቀረ በኋላ፣ ከአምስት ወር ወዲህ ለእኔ ብቻ ተመልሶ ተፈቅዶልኝ ነበር። የሚያነቡልኝ «ጋሼ መነጽር» የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባዬ ናቸው። አሁን ግን «ለጤነኛ ሠራተኛ ደጋፊ አያስፈልግም» ተብሎ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ክፍል ተመድበዋል። እኔ እምቢ ብል ደግሞ ጤነኛ ሆና ሥራ የጠላች ተብዬ እንደምሰናበት ደብዳቤዎ በትሕትና አስታውቆኛል።

ሦስተኛ፣ የሚከተለውን ስነግርዎ «ያው ተርፈዋል አይደል?» ብለው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር አንዲት እናት ለመገጣጠሚያ ሕመም የታዘዘላቸውን ይዘው መጡ። መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ነው፤ በየቀኑ ከተዋጠ ይገድላል። «በሳምንት አንድ ቀን» ብዬ ለራሴ እየደገምኩ፣ በእጄ በከረጢቱም በመዝገቡም ላይ «በየቀኑ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጋሼ መነጽር ስልክ ሊያነሡ ዞር ባሉበትም ቅጽበት ከረጢቱን አቀበልኳቸው። ጋሼ ተመልሰው መዝገቡን ሲያዩ «ኧረ እማማ፣ ይቆዩኝ!» እያሉ በዚያ ጉልበታቸው ደረጃውን ሮጠው ወጡ። እናትየው የሆነውን ሳያውቁ ተመልሰው «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ባየሁ ቁጥር ክው እላለሁ።

ይሁንና እንቅልፍ የነሡኝ እሳቸው አይደሉም፤ እሳቸውስ ተርፈዋል። የሚያስፈሩኝ ጋሼ መነጽር ሳይመደቡልኝ በፊት በመስኮቴ ያለፉት ናቸው። ፊታቸውን አላስታውስም፤ ምን እንደጻፍኩላቸውም አላስታውስም። በየወሩ ይመጡ ከነበሩት ያልተመለሱ አሉ፤ ቤት ቀይረው ይሆናል፣ ድነውም ይሆናል። ታክሲ ስጠብቅ ከፊቴ የተሰለፈውን ሰው ጀርባ እያየሁ፣ ከእነሱ አንዱ ይሆን እላለሁ፤ እስኪዞርም ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ።

አራተኛ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምር አራተኛ ነገር ነበረኝ፤ ጠፍቶብኛል። ፊልሙ እጅዎ ላይ ስላለ፣ ጊዜ ሲያገኙ ከዚያ ፈልገው ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ልመናዬ አጭር ነው፤ ሰኞ ሳይደርስ ወይ ጋሼ መነጽርን ይመልሱልኝ፣ ወይ እኔን ወደ መጋዘን ያውርዱኝ።

ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
በእርስዎ ፊርማ የዳንኩት፣
የሁለተኛዋ መስኮት ፋርማሲስት

ግልባጭ፦
ሰኞ ጠዋት በመስኮቴ ለሚሰለፉ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ በማንም አይዋጥም፤ ቢሆንም ታናሽ እህቴ ሁለት ጊዜ አንብባ አምስት ስሕተት አርማልኛለች። ሰኞ ግን እህቴ የራሷ ሥራ አላት።